መሄጃው ሠላሳ ስድስት፣ መመለሻው ሃያ ሁለት

ከአስመራ የወጣሁት ሐሙስ ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ሓዝሓዝ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ታክሲው ቆሞ እየጠበቀኝ፣ እኔና ለተብርሃን የምትባለው ባለቤቴ ማጀት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሒሳብ እንሠራ ነበር። ሰው ሊለያይ ሲል ይላቀሳል እንጂ ሒሳብ ይሠራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። የኛ ሒሳብ የገንዘብ አልነበረም። የመንገድ ነበር።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ሾፌር ነኝ። ኤንትሬ የምንላትን የጣሊያን ካሚዮን ይዤ ሠላሳ ዓመት ያህል ከአስመራ ምጽዋ፣ ከምጽዋ አስመራ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ በንጉሡ ጊዜ ቃኘው በሚባለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር አጠገብ በነበረ የማታ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን በአማርኛ ስለሆነ እርሳስ ስይዝ እጄ ወደ አማርኛ ይሄዳል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዚያ ዘመን አስመራ ለኖራችሁና አሁን እንደኔ በየአገሩ ለተበተናችሁ፣ አንድ ቀን ትኬት ለመቁረጥ ለምታስቡም ነው። ትግርኛው አንዳንድ ቦታ ሾልኮ ከገባ እለፉኝ።

ነፃነት ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንዲቱ ልጃችን ሰናይት በጦርነቱ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥታ አውስትራሊያ ከገባች ቆይታለች፤ ሜልበርን በሚባል ከተማ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። መንገዱ ሲከፈት "ሁለታችሁም ኑ፣ ከእኔ ጋር ኑሩ" ብላ ወረቀቱን ጨርሳ ላከች። ምርመራ ግቡ ተባልን፣ ገባን። የኔ ሳንባ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ሠላሳ ዓመት በምጽዋ መንገድ የጊንዳዕን አቧራ የጠጣ ሳንባ። ለተብርሃን ግን ቤት የምትውል ሰው ሆና ሳለ፣ ደረቷ ላይ ጠባሳ ታየ። ልጅ ሳለች ታማ የዳነችው የሳንባ በሽታ ምልክት ነው። ጠባሳው ይጠፋል አይጠፋም ሳይሆን ተኝቶ ይቀራል ወይስ ይነሣል የሚለውን ለማየት ስድስት ወር ትቆይና እንደገና ፎቶ ትነሣ፣ ፎቶውም ናይሮቢ ይላክ ተባለ። የኔ ቪዛ ደግሞ ቀን ተቆርጦለታል፤ እስከዚያ ቀን ካልገባሁ ይቃጠላል።

"አንተ ሂድ፣ አቦ ሰናይት" አለችኝ። በልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ። "እኔን ከፈቀዱልኝ እመጣለሁ። ከከለከሉኝ ደግሞ አንተ ትመለሳለህ። የአንድ ዓመት ደርሶ መልስ ትኬት ቁረጥ።"

ደርሶ መልስ ቆረጥኩ። ትኬት ቢሮ ያለችውን ልጅ መጀመሪያ የጠየቅኋት፣ ሾፌር የሚጠይቀውን ነው።

"ኪሎሜትሩ ስንት ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ?"

"በአውሮፕላን ኪሎሜትር አይጠየቅም፣ አቦይ።"

"ታዲያ ናፍጣውን በምን ይቀዱታል?"

ሳቀችና ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ በስንዝር ለካችልኝ። ቀጥታ ቢኬድ ከአሥራ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር ይበልጣል አለች። እኔ በምጽዋ አካፈልኩት፤ ምጽዋ መቶ አሥራ አምስት ነው። ከመቶ ምጽዋ በላይ ሆነ። ቤት መጥቼ "መቶ ምጽዋ ነው" ስላት ለተብርሃን "እኔ አንዱን ምጽዋ ስወርድ ነው የማስመልሰው" ብላ ሳቀች። ይቺን ሳቅ ለብዙ ጊዜ ይዣት ነበር።

እንግዲህ ያን አመሻሽ ትኬቱን ዘርግተን የሠራነው ሒሳብ ይህ ነው። ከአስመራ መነሻ፣ ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት። ሜልበርን መድረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት። ቆጠርነው፤ ሠላሳ ስድስት ሰዓት። ከዚያ የመመለሻውን ገጽ ገለጥን። ከሜልበርን መነሻ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አስመራ መድረሻ፣ በማግስቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቆጠርነው፤ ሃያ ሁለት። ተሳስተን ይሆናል ብለን በጣት ደገምነው። ሃያ ሁለት።

"እንዴት ነው መሄጃውና መመለሻው የማይስማማው?" አለች።

ለሌላ ሰው ግራ ይሆን ነበር። ለኔ ግን እንደ ቀን ብሩህ ነበር። ምጽዋ ስወርድ አራት ሰዓት፣ ስሚንቶ ጭኜ ስመለስ ስምንት ሰዓት፤ መንገዱ ግን ያው አንድ መንገድ ነው። ዳገቱ ሥር ያለችውን ነፋሲትን ካለፍኩ በኋላ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትኩ ሰው በእግሩ ሲቀድመኝ አውቃለሁ።

"ዳገት ነዋ" አልኳት። "አውስትራሊያ ዳገት ነው። መሄጃው ዓቐብ ስለሆነ ይዘገያል፤ መመለሻው ቁልቁለት ነው፣ ይለቀዋል።"

ለተብርሃን አሰበችና ፊቷ በራ። "እሰይ" አለች። "ወደ ቤት የሚያመጣው ካጠረ ሌላው ምን ቸገረን።" ከዚያ ተነሥታ ጋቢዬን አለበሰችኝ። ሳንለቃቀስ የወጣሁት በዚያች ቃል ነው። ታክሲው ሲነሣ በመስኮት በኩል "ሃያ ሁለት፣ እሺ?" አለችኝ። "ሃያ ሁለት" አልኳት።

ስለ በረራው ብዙ አልላችሁም። አንድ ቦታ ስድስት ሰዓት አስቀመጡን፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አራት ሰዓት። የቀረውን ጊዜ ሞተሩን ሳዳምጥ ነበር፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዳገት ላይ እንዳለ ሞተር ያጉረመርም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሜልበርን ስንደርስ የግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት ይላል፣ በፈረንጅ ሰባት መሆኑ ነው። የእጄ ሰዓት ስድስት ሰዓት ይላል፣ የእኩለ ሌሊቱን ስድስት። ውጭው ፀሐይ ነው። ምስኪን ሰዓቴ፣ ዳገቱ እሷንም አደከማት አልኩና ወደፊት አዞርኳት። ሰው ያመነውን ነገር ሁሉም ይመሰክርለታል።

የዚያ አገር ሰዎች ሰውን ከማስገባታቸው በፊት ሻንጣውን ይመረምራሉ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ሴትዮ፣ እኔና ለተብርሃን አንድ ቀን ሙሉ ያሰርነውን ዕቃ ፈታችው። ቋንቋ እንደሌለኝ አይታ ስልክ አነሣችና አማርኛ የምታውቅ አስተርጓሚ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

"አባት፣ ይህ ዱቄት ምንድነው ትላለች።"

"ሽሮ ነው።"

"ዘር ነው ወይ ትላለች።"

"ነበረ። ተቆልቷል፣ ተከክቷል፣ ተፈጭቷል።"

"መሬት ላይ ቢወድቅ ይበቅላል ወይ?"

"ልጄ፣ ሽሮ የሚበቅል ቢሆን ኖሮ እኔ ካሚዮን እነዳ ነበር ወይ በያት።"

አስተርጓሚዋ ስትስቅ ሰማኋት፤ ለሴትዮዋ ግን "አይበቅልም" ብቻ ሳትላት አልቀረችም። ቀጥላ ጉዞዎ ስንት ሰዓት ፈጀ አለችኝ። "ለመምጣት ሠላሳ ስድስት፣ ለመመለስ ሃያ ሁለት" አልኩ። "አባት፣ እንዳለ ልተርጉመው?" አለች። "እንዳለ" አልኳት። ሴትዮዋ ሰምታ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ፈገግ አለች። ጫማዬን አስወልቃ ወሰደችው። ሶሉ ላይ አፈር አለበት ብላ አጥባ መለሰችልኝ። በታጠበ ጫማ ወደ ሰው አገር ገባሁ። ልጄን አቅፌ ሳለቅስ እንኳ፣ ያ የሓዝሓዝ አፈር የሰው ማጠቢያ ውስጥ መቅረቱ ይከነክነኝ ነበር።

ሰናይት የምትኖረው የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቷ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ይተኛል። አከራያቸው አጥር ለአጥር የሚኖር ሲኞር ሮኮ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያናዊ ነው፤ ካላብሪያ ከሚባል አገር በወጣትነቱ በመርከብ የመጣ። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን በሩን አንኳኳ። ሰናይት ሥራ ናት፣ ባሏ ተኝቷል። በእንግሊዝኛ ያናግረኛል፣ አልገባኝም። ከዚያ ሲናደድ ጣሊያንኛ ተናገረ። ጆሮዬ ቆመ። እኔ ጣሊያንኛ አውቃለሁ፤ ግን የማውቀው አስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር ካሉት ጋራዦች የለቀምኩትን ነው። ከሞተር ውጪ የሚናገረው ነገር የለውም።

ስንት ሰው ነው እዚህ ቤት የገባው፣ በውሉ ላይ ያለው ሁለት ሰው ነው፣ ይላል። በጣቱ ይቆጥራል።

"ኡኖ" አልኩት፣ ራሴን እያሳየሁ። አንድ ብቻ ነኝ ማለቴ ነው።

"ሚስትህስ? እሷም ልትመጣ ነው?"

እንግዲህ ሚስቴ ሐኪም እያያት ነው ለማለት ፈለግሁ። ሐኪም በጣሊያንኛ አላውቅም። ሳንባም አላውቅም። የማውቀውን ሰጠሁት። "ሞልየ ኦፊቺና" አልኩት፤ ሚስቴ ጋራዥ ናት። ደረቴን መታ መታ አደረግሁና "ፊልትሮ። ኮንትሮሎ።" ማጣሪያዋን እያዩት ነው።

ሰውየው አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ እንዲህ ያለ ሳቅ ሳቀ፣ የሰናይት ባል ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጣ። በማግስቱ ሲኞር ሮኮ ራሱ የጋገረውን ዳቦ ይዞ መጣ፣ እንደ አስመራ ባኒ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ። ስለ ሰው ብዛት ሁለተኛ አላነሣም። ከዚያ ወዲያ በአጥሩ ላይ ተደግፈን የምንነጋገረው በመኪና ዕቃ ነበር። ጉልበቱን ሲያመው "ባሌስትራ" ይለኛል፤ የካሚዮን ሞላ ማለት ነው። ብርዱ ሲጠናብኝ "ራዲያቶሬ" እለዋለሁ። ብርዱስ ብርድ ነው። አስመራም ይበርዳል፣ ግን የአስመራ ብርድ ጥላ ውስጥ ነው ያለው፤ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለህ ፀሐይ ላይ ብትቆም ይተውሃል። የሜልበርን ብርድ ፀሐይዋንም ይዟት ነው የሚዞር።

አውቶቡስ ስሳፈር ደግሞ ሾፌሩ "ሀው አር ዩ" ይለኛል። ሰላምታ ነው ስላሉኝ መጀመሪያ ቀን ቆሜ የቤተሰቡን፣ የጤናውን፣ የመንገዱን ጠየቅሁት፣ በትግርኛ። ሾፌሩ እጁን መሪው ላይ አድርጎ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከኋላዬ የነበሩትም ጠበቁ። እንደዚህ ያለ ሰው ደግ ነው፤ ግን መልስ አልሰጠኝም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። አስመራ ያለው ቤታችን ስልክ የለውም። ከመሄዴ በፊት "እሁድ በሦስት ሰዓት እደውላለሁ" ብዬ ነበር፣ በጎረቤታችን በአያ ተስፋይና በወይዘሮ ዘውዲ ስልክ። እሁድ ደረሰ። ሰናይት ሥራ ናት፤ ብቻህን አትደውል ብላኛለች፣ እኔ ግን ቃል ሰጥቻለሁ። ልክ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ መታሁ። ብዙ ጊዜ ጠራ። ከዚያ አያ ተስፋይ አነሡት። ድምፃቸው የተሰበረ ነው።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ አያ ተስፋይ። ገብራይ ነኝ።"

"ገብራይ? ምን ሆንክ? ሰናይት ምን ሆነች?"

"ሁላችንም ደኅና ነን። በሦስት ሰዓት እደውላለሁ ብዬ ነው።"

"የምን ሦስት? ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ ወንድሜ።"

"እዚህ ፀሐይ አለ።"

"እዚህ ጅብ አለ" አሉኝ። "ሚስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለልቅሶ ተነሥታ ቆማለች። በል እንግዲህ፣ ሲነጋ ደውል።"

ማታ ሰናይት ስትመጣ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠችው። ጎኔ ተቀምጣ፣ ለልጅ እንደሚነገር ሳይሆን ለአባት እንደሚነገር ቀስ ብላ ነገረችኝ። ፀሐይ እዚህ ቀድማ እንደምትወጣ፣ የኛ ሰዓት ከአስመራ በሰባት ሰዓት እንደሚቀድም፣ ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት እንደሆነ።

"ታዲያ መንገዱ?" አልኳት።

"መንገዱ ያው ነው፣ አቦይ። ሰዓቱ ነው እንጂ መንገዱ አላጠረም።"

እርሳስ አንሥቼ ብቻዬን ሠራሁት። ከሠላሳ ስድስቱ ሰባት ሲቀነስ፣ ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ሁለቱ ላይ ሰባት ሲደመር፣ ሃያ ዘጠኝ። ለካስ ሜዳ ነው። ዳገትም የለው፣ ቁልቁለትም የለው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ሲነዳ ኖሮ ሜዳ ማየት ያቅተዋል።

በሚቀጥለው እሁድ በትክክለኛው ሰዓት ተገናኘን። ልነግራት ነበር የደወልኩት። እሷ ግን ገና ድምፄን ስትሰማ፣ "ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ምን አደርጋለሁ መሰለህ" አለችኝ። "ከሜልበርን ተነሣ እልና እቆጥራለሁ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ሃያ ሁለት ሳልደርስ ይወስደኛል።"

እንዴት ብዬ ሰባት ሰዓት ልጨምርባት? አልነገርኳትም። በሰባተኛውም፣ በአሥረኛውም እሁድ አልነገርኳትም። ሃያ ሁለት ለኔ ሐሰት ነው፣ ለሷ ግን ትራስ ነው። የሰውን ትራስ ከራሱ ሥር መጎተት አይሆንልኝም።

ስድስቱ ወር ሊሞላ ሲል ሰናይት ይዛኝ የስደተኞች ቢሮ ሄድን። መስኮት ውስጥ ያለችው ልጅ ኮምፒዩተሯን አየችና፣ ባለቤትዎ ለምን አብረው አልመጡም አለችኝ፤ ሰናይት እያስተረጎመች።

"እናንተ ከለከላችኋት።"

"እኛ አልከለከልንም። አዘግይተናል። ፋይሉ ናይሮቢ ነው።"

"ልጄ" አልኳት፣ "ሚስቴ አስመራ ናት። የሳንባዋ ፎቶ ናይሮቢ ነው። ባሏ ሜልበርን ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኛቸው ማነው?"

አሰበች፣ እውነቷን አሰበች። "የፋይል ቁጥሩ" አለችኝ። በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ለብዙ ቀን ይዤው ዞርኩ።

በዚሁ መሐል ደግሞ መንግሥት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፋው። በጋ ሲመጣ እንዲህ ያደርጋሉ አሉኝ። አዋጅ የለ፣ ነጋሪት የለ፤ ተኝተን ስንነሣ ልዩነቱ ስምንት ሆኗል። ሲኞር ሮኮን በአጥሩ ላይ አገኘሁትና፣ አገራችን በአንድ ሰዓት ራቀ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና በኛ ቋንቋ፣ በጋራዡ ቋንቋ ነገረኝ። እሱም ሲመጣ ለሁለት ዓመት ነበር። እናቱ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ለገና እመጣለሁ ብሎ ጽፎላታል። "ይህ አገር" አለኝ፣ እጁን እንደ ካምቢዮ ዱላ እያንቀሳቀሰ፣ "አንደኛ ማርሽ አለው፣ ሁለተኛ አለው፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ አለው። የኋላ ማርሽ የለውም።" ዳቦውን ሰጥቶኝ ገባ። ትኬቴ ሻንጣ ውስጥ እንዳለ ሄጄ አየሁ። አለ። የሚቃጠልበት ቀን ገና ነው።

መልሱ የመጣው ጥር ውስጥ ነው። ሰናይት ከሥራ ደውላ ነገረችኝ፤ "አቦይ፣ አደይ ተፈቀደላት። ጠባሳው የቆየ ነው አሉ፣ ምንም የለባትም። ልትመጣ ነው" እያለች፣ እናቷን አደይ ብላ እየጠራች ታለቅሳለች። እሰይ አልኩ። ተመስገን አልኩ። ስልኩን አስቀምጬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ደስታው እንዲመጣ ጠበቅሁት። አልመጣም።

ይህን ስጽፍላችሁ አፍራለሁ፣ ግን እናንተም የምታውቁት ነገር ይመስለኛል። ያን ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ስጸልይ የነበረው ጤናዋን ስጣት ብዬ ነው። ከጸሎቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበረ። ቢከለክሏት እመለሳለሁ ማለት ነበር። ምክንያት ይኖረኛል፤ ልጄም አትቀየመኝም። አሁን የኔ ለተ ጤነኛ ሆነች፣ እኔም መመለሻ አጣሁ።

እሁድን አልጠበቅሁም፤ በዚያው ቀን፣ አስመራ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ደወልኩ። ወይዘሮ ዘውዲ አነሡ፣ ሮጠው ጠሯት። ስትመጣ ድምፅዋ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ጠጣ ሰው ነው።

"ሰምተሃል?" አለችኝ።

"ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ።"

"እንኳን አብሮ ደስ ያለን።"

በመስመሩ ውስጥ የሆነ ሰው ሩቅ ቦታ ሲያወራ ይሰማል።

"እዚህ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል" አለችኝ። "ወረቀቱን ሳነበው እንባዬ መጣ። ወይዘሮ ዘውዲ አየችኝና ከለከሏት ብላ ለሰፈሩ ነገረች። ሰዉ ሁሉ ሻሂና ሕምባሻ ይዞ ሊያጽናናኝ መጣ። አይ፣ ፈቅደውልኛል እላለሁ፤ እወ እወ፣ ፈጣሪ ያውቃል፣ አይዞሽ ይሉኛል።"

ሳቅን፤ ሁለታችንም። ሳቁ ሲያልቅ ከዚህ በላይ መደበቅ ነውር መሰለኝ። ልትሳፈር ነው፤ ያላወቀችውን መንገድ ልትሄድ አይገባም።

"ለተ" አልኳት፣ "የደበቅሁሽ ነገር አለ። መመለሻው ሃያ ሁለት አይደለም። ሃያ ዘጠኝ ነው፤ መሄጃውም ሃያ ዘጠኝ። ሰዓቱ ነው ያሳሳተን። ዳገት ቁልቁለት የለውም።"

የተቋረጠ መስሎኝ "አለሽ?" አልኩ።

"አለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?"

"ከመጀመሪያው እሁድ።"

"እንግዲህ ደግ አድርገሃል" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ያን ማታ ሃያ ዘጠኝ ሆኖ ቢሆን ኖሮ አልሰድህም ነበር" አለችኝ።

"እኔም አልሄድም ነበር።"

"በሰባት ሰዓት ነው እንዲህ የተለያየነው፣ ማለት ነው።"

"በሰባት ሰዓት ነው።"

ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። ምን ላምጣልህ አለችኝ፤ ሽሮ ይፈቅዳሉ፣ ፈሳሽ ማር አይፈቅዱም፣ ጫማሽን ሶሉን አጥበሽ ነይ አልኳት። ለምን አለችኝ፤ ዝም ብለሽ እጠቢው አልኳት። ትኬቷን ደርሶ መልስ ትቁረጥ ወይስ መሄጃ ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። ደርሶ መልስ አልኩ። የኔ ትኬት ሊቃጠል አራት ወር ያህል እንደቀረው አላነሣችውም፣ እኔም አላነሣሁትም።

የስልክ ካርዱ ሊያልቅ ሲል የምትናገረው ሴትዮ ጣልቃ ገብታ ተናገረች። አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል ማለቷ ነው። ለተብርሃን በዚያች ደቂቃ ቸኮለች።

"አቦ ሰናይት፣ ወይዘሮ ዘውዲ የወንድሟ ልጅ ቤት ይፈልጋል ትላለች። ጥሩ ልጅ ነው፣ ከምጽዋ ተዛውሮ ነው። የቤታችንን ቁልፍ ልስጠው ወይ?"

በመስኮቱ ሲኞር ሮኮ ይታየኛል፤ ቲማቲሙን ውሃ ያጠጣል።

"ሰማኸኝ? ቁልፉን ልስጠው?"

"ሰምቼሻለሁ" አልኳት። "ቆይ። ለጊዜው አንቺ ጋ ይሁን።"